አዲሱ መሣሪያና አሮጌው ኪት እንዴት ይስማሙ?

በዚህ ዓምድ ስለ ማስተማር ዘዴ፣ ስለ ልጆች ጠባይ፣ ስለ ንባብና ስለ ጤና ብዙ ተጽፏል። የዛሬው ጽሑፌ ግን ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም አሠራር ነው። «ይኼማ የአይሲቲ ክፍል ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። ከሠልጣኞቻችን ብዙዎቹ ነገ በሚመደቡበት ትምህርት ቤት ከርእሰ መምህሩ ጠረጴዛ ሥር ወይም ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጥግ አንድ ያረጀ ኮምፒዩተር ሊያገኙ ይችላሉ። በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ አንድ ሰው ከዓመታት በፊት ሠርቶት የሄደ፣ ትምህርት ቤቱ ግን እስከ ዛሬ የሚገለገልበት ፕሮግራም ይኖር ይሆናል። ሠሪው ሄዷል፤ ሥራው ቀርቷል። ከዕለታት አንድ ቀን «እስቲ አንተ ተምረሃል፣ ይህን አስተካክልልን» ወይም «አንቺ ትችያለሽ፣ እስቲ እይው» መባል አይቀርም። ያን ጊዜ ነገሩ የሁላችንም ጉዳይ ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። አዲስ መሣሪያ ከአሮጌ ዕቃ ጋር አልስማማ ሲል ፍርዱ ቶሎ ይሰጣል፤ «አሮጌ ነው፣ ይጣል» ይባላል። እኔ ግን በሥራ ላይ እንዳየሁት አለመስማማቱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች እንደ አንድ ጥያቄ ሆነው ስለሚጠየቁ ነው። ሦስቱን ለየብቻ የጠየቀ ሰው አዲሱንም ሳይጥል፣ አሮጌውንም ሳይጥል ሥራውን ይሠራል።

ከሁሉ በፊት ቃላቱን እንግለጥ። ኮምፒዩተር ሰው የጻፈውን የፕሮግራም ጽሑፍ እንዳለ አይሠራበትም። ጃቫ በሚባለው ቋንቋ የተጻፈ ጽሑፍ በመጀመሪያ ኮምፓይለር በሚባል ተርጓሚ ወደ ሌላ መልክ ይለወጣል። ተርጓሚውና ረዳቶቹ አብረው የሚገኙበት ጥቅል ጄዲኬ ይባላል፤ እኔ እዚህ በአጭሩ «ኪት» እለዋለሁ። የተተረጎመውን ፕሮግራም በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ላይ የሚያስኬደው ክፍል ደግሞ «ማስኬጃ» ይባል። ፕሮግራሙ ብዙ ፋይሎች ሲኖሩት ፋይሎቹን ሁሉ በተራ የሚያስተረጉም፣ ሌሎች ሰዎች የሠሯቸውን ላይብረሪዎች ከኢንተርኔት የሚያመጣ፣ ሥራውን የሚፈትንና በመጨረሻም አንድ ጥቅል አድርጎ የሚያስረክብ መሣሪያ አለ። ይህ የግንባታ መሣሪያ ይባላል። በጃቫ ዓለም ከታወቁት አንዱ ሜቨን ነው።

ነገሩን በቤት ሥራ ብንመስለው ይቀላል። ሜቨን ፎርማኑ ነው። ኪቱ የአናጺው መሣሪያ ነው፤ መጋዙ፣ መጥረቢያው፣ መዶሻው። ማስኬጃው ደግሞ ቤቱ የሚቆምበት መሬት ነው። አንድ ነገር ግን እንጨምር፤ ፎርማኑ ራሱ ሰው ነውና እንጀራ ይበላል። ሜቨን ራሱ በጃቫ የተጻፈ ፕሮግራም ስለሆነ ያለ ጃቫ አይንቀሳቀስም። እንግዲህ ሦስቱ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ፎርማኑ የሚበላው የትኛውን ጃቫ ነው? እንጨቱ የሚቆረጠው በየትኛው ጃቫ ነው? ቤቱ የሚቆመውስ በየትኛው ጃቫ ላይ ነው? ሦስቱም መልሶች አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ሦስቱም አንድ ናቸው ብለን ስናስብ ነው።

ለዚህ ሁሉ መለያ የሚሆን ቁጥር አለ። ኮምፓይለሩ የተረጎመው እያንዳንዱ ፋይል በራስጌው ላይ ለየትኛው ጃቫ እንደተሠራ የሚናገር ቁጥር ይዟል። ለጃቫ 7 የተሠራ 51፣ ለጃቫ 8 የተሠራ 52፣ ለጃቫ 11 የተሠራ 55፣ ለጃቫ 17 የተሠራ 61፣ ለጃቫ 21 የተሠራ 65 ቁጥር አለው። ሕጉ ቀላል ነው፤ በጃቫው ቁጥር ላይ 44 መደመር። ማስኬጃው ከራሱ ቁጥር ያነሰውን ወይም እኩል የሆነውን ይቀበላል፤ የሚበልጠውን ግን «አላውቀውም» ብሎ ይመልሳል። ሽማግሌ የልጅ ልጁን አዲስ አነጋገር ሰምቶ «ምን አልክ?» እንደሚለው መሆኑ ነው። ልጅየው ግን የአያቱን አማርኛ ይሰማል።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። በማሠልጠኛ ተቋማችን አንድ ቢሮ ውስጥ የፕራክቲከም ውጤት የሚመዘገብበት ኮምፒዩተር አለ። ኮምፒዩተሩ የሚሠራው በዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። ከኢንተርኔት ጋር አልተገናኘም። ከጎኑ ባለ ሪቫን ፕሪንተር ተያይዟል፤ ውጤት በሦስት ቅጂ በካርቦን የሚያትመው እሱ ነው። ፕሮግራሙን የሠሩት ቀደም ሲል እዚህ ያስተምሩ የነበሩ መምህር ናቸው፤ ዛሬ በሌላ ሥራ ላይ ናቸው። ያሉት ሁለት ነገሮች ብቻ ነበሩ፤ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚሠራው ፕሮግራምና ጽሑፉ የተቀመጠበት አንድ ሲዲ። መዝገብ የሚይዙት እናታችን ስለ ኮምፒዩተሩ ስጠይቃቸው «የኔ ልጅ፣ ይቺ እኮ ከኔ ጋር ጡረታ ትወጣለች እንጂ አትለወጥም» ብለው ሳቁ።

የሚያስቅ ያልሆነው ነገር የመጣው የነጥብ አሰጣጡ ሲለወጥ ነው። ቀድሞ ከ100 ነጥብ 50ው በተቋሙ መምህር፣ 30ው በትምህርት ቤቱ ተባባሪ መምህር፣ 20ው በፖርትፎሊዮ ይያዝ ነበር። በአዲሱ ውሳኔ 40፣ 40 እና 20 ሆነ። ፕሮግራሙ ግን የሚያውቀው የቀድሞውን ብቻ ነው፤ ቁጥሮቹ በጽሑፉ ውስጥ ገብተው ተተርጉመዋል። ስለዚህ ውጤቱ ለጊዜው በእጅ ይደመር ተባለ።

በእጅ ሲደመር ምን ሆነ? የአንዲት ሠልጣኝ ውጤት ከተቋሙ መምህር 22፣ ከተባባሪው መምህር 36፣ ከፖርትፎሊዮ 10 ነበር፤ ድምሩ 68። መዝገቡ ግን የቀድሞው ነውና የተባባሪው መምህር ዓምድ «ከ30» የሚል ርእስ ነበረው። ጸሓፊው የደከመው ሰው 36ን ከ40 ወደ 30 አስልቶ 27 አድርጎ አገባው። ድምሩ 59 ሆነ። ማለፊያው 60 ነው። ልጅቷ በአንድ ነጥብ ምክንያት ፕራክቲከሙን እንድትደግም ስሟ ተለጠፈ። መቼም እሷ ደብተሯን ይዛ፣ ነጥቦቿን አንድ በአንድ ጽፋ ስለመጣች ነገሩ ታየና ተስተካከለ። ደብተር ያልያዘ ቢሆንስ? ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙን ማስተካከል የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑ ቀረ።

የሚለወጡት ሦስት ቁጥሮች ናቸው። ሦስት ቁጥር ለመለወጥ ከሁለት ፈቃደኛ ሠልጣኞች ጋር ዘጠኝ ቀን ፈጀብን። ጊዜውን የወሰደው ቁጥሩን መለወጡ አልነበረም፤ የተለወጠውን ጽሑፍ እንደገና ፕሮግራም ማድረጉ ነው።

በሲዲው ላይ የፕሮግራሙ ጽሑፍና ለሜቨን መመሪያ የሚሰጠው ፖም የሚባለው ፋይል ነበሩ። በየትኛው ኪት፣ በየትኛው ሜቨን እንደተሠራ የሚናገር አንዲት መስመር ግን የለችም። ደግነቱ የተተረጎመው ፋይል ራሱ ይናገራል። በኪት ውስጥ ጃቫፒ የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ፤ የተተረጎመ ፋይል ሲሰጡት በራስጌው ላይ ያለውን ቁጥር ያነብባል። በቢሮው ኮምፒዩተር ላይ ከሚሠራው ፕሮግራም አንድ ፋይል አውጥተን ብናሳየው 51 አለን። ጃቫ 7 ማለት ነው። ይህም ምክንያት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጃቫ 8 ዊንዶውስ ኤክስፒን በይፋ አይደግፍም። ስለዚህ መሬቱ ታወቀ፤ ቤቱ የሚቆመው በጃቫ 7 ላይ ነው።

በላፕቶፓችን ላይ የነበረው ጃቫ 21 እና ሜቨን 3.9 ነው። ጽሑፉን እንዳለ ሰጠነው። ኮምፓይለሩ «ምንጭ 7 ከእንግዲህ አይደገፍም፤ 8 ወይም ከዚያ በላይ ተጠቀም» የሚል መልእክት አወጣ። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የጃቫ ኮምፓይለሮች ያረጀውን እየተዉ ይሄዳሉ፤ ጃቫ 12 ላይ 6ን፣ ጃቫ 20 ላይ 7ን ትተዋል።

ከሠልጣኞቹ አንዱ «መምህር፣ 8 ተጠቀም ካለንማ 7ን ወደ 8 ብንለውጠውስ?» አለ። «ይሁን፣ ለውጠውና ምን እንደሚል በዓይንህ እይ» አልኩት። ለወጠው፤ ተሳካ፤ ጥቅሉም ወጣ። በፍላሽ ይዘነው ወደ ቢሮው ሄድን። ኤክስፒው ላይ ስንከፍተው ግን «የማይደገፍ ቁጥር 52.0» ብሎ ቆመ። ሠልጣኙ ራሱ ከወረቀት ላይ «52 ማለት ጃቫ 8» ሲል አነበበ። ቤቱ አምሮ ተሠርቶ ነበር፤ መሬቱ ግን አልተሸከመውም። የተሳካ ግንባታ ሁሉ የሚሠራ ፕሮግራም እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ አስተማሪ የለም።

ሁለተኛዋ ሠልጣኝ ደግሞ «እንግዲያው ሁሉንም በጃቫ 7 እናድርገዋ» አለች። ጥሩ ሐሳብ ነው። ዙሉ ከሚባለው በነፃ ከሚገኘው የጃቫ ሥርጭት የጃቫ 7 ኪት አወረድንና ሜቨንን በእሱ ላይ አስነሣን። ሜቨን ገና ከመነሣቱ ያንኑ 52ን እየጠቀሰ ወደቀ። በዚህ ጊዜ የወደቀው የኛ ፕሮግራም ሳይሆን መሣሪያው ራሱ ነው። ሜቨን 3.9 ቢያንስ ጃቫ 8 ይፈልጋል። ፎርማኑ «ይህን እንጀራ አልበላም» አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ኮምፒዩተሩን ዘግተን ወደ ጥቁር ሰሌዳ ሄድን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ሦስቱን ጥያቄዎች ጻፍን። መሬቱ ጃቫ 7 ነው፤ ይህ አይለወጥም። ፎርማኑ ቢያንስ ጃቫ 8 ይፈልጋል። የሚቀረው መካከለኛው ነው፤ በየትኛው መጥረቢያ እንቁረጥ? ጥያቄዎቹ ሲለያዩ አንድ ብቻ የመሰለው መንገድ ሦስት ሆኖ ተገኘ።

የመጀመሪያው መንገድ ፎርማኑን ማስረጀት ነው። ሜቨን ከ3.3 እስከ 3.8 ያለው በጃቫ 7 ላይ ይነሣል። ሁሉም ነገር ወደ 7 ይወርዳል ማለት ነው። ችግሩ ገበያው ላይ ነው። ሜቨን ላይብረሪዎችን የሚያመጣው በአብዛኛው ሜቨን ሴንትራል ከሚባለው የኢንተርኔት ጎተራ ነው። ጎተራው እ.ኤ.አ. በጁን 2018 አሮጌዎቹን የምስጢር አጠባበቅ ስልቶች፣ ቲኤልኤስ 1.0ንና 1.1ን፣ መቀበል አቆመ። ጃንዋሪ 15 ቀን 2020 ደግሞ ምስጢር ያልተጠበቀበትን ኤችቲቲፒ ጭራሹን ዘጋ። ጃቫ 7 ቲኤልኤስ 1.2ን ያውቃል፤ ነገር ግን ደንበኛ ሆኖ ሲሄድ በራሱ አይጠቀምበትም፤ ሲያስነሡት «በ1.2 ተነጋገር» ብሎ ማዘዝ ያስፈልጋል። ይህ ይቻላል። ዳሩ ግን የጃቫ 7 ይፋዊ የነፃ እድሳት ያበቃው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2015 ነው። እንዲህ ያረጀ ኪት ወደ ኢንተርኔት መላክ አልወደድኩም።

ሁለተኛው መንገድ የመካከለኛ ዕድሜ ሰው መፈለግ ነው። ጃቫ 17 አዲስ ቢሆንም ጃቫ 7ን ገና አልረሳም፤ «ለ7 ሥራልኝ» ቢሉት ማስጠንቀቂያ እያጉረመረመ ይሠራል። ይህን የሚያደርገው ከጃቫ 9 ጀምሮ በመጣው «ሪሊዝ» በሚባለው ትእዛዝ ነው። የቀድሞዎቹ «ሶርስ»ና «ታርጌት» የሚባሉት ትእዛዞች የሚቆጣጠሩት የቋንቋውን አጻጻፍና በፋይሉ ላይ የሚቀመጠውን ቁጥር ብቻ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ በአሮጌው ጃቫ የሌለ ነገር ተጠርቶ እንደሆነ አያዩም፤ ስሕተቱ የሚታየው ተጠቃሚው እጅ ከገባ በኋላ ነው። «ሪሊዝ» ግን በዚያ ጃቫ ውስጥ ይፋ የሆኑትን ክፍሎች ዝርዝር ይዞ ያመሳክራል። ለብዙ ሥራ ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ይህ ነው፤ ሠልጣኞች መጀመሪያ እሱን ይሞክሩ እላለሁ።

ለኛ ግን አልሆነም። ምክንያቱ ፕሮግራሙ ከጃቫ የውስጥ ክፍሎች አንዱን ይጠቀማል። «ሪሊዝ» ደግሞ የሚያሳየው ይፋ የሆነውን ብቻ ስለሆነ «እንዲህ የሚባል ክፍል የለም» ይላል። «ታዲያ ያቺን ክፍል ለውጣችሁ አትጽፏትም ነበር?» የሚል ይኖራል። አንድ ደንብ አውጥተን ነበር፤ መጀመሪያ ምንም ሳንነካ የነበረውን እንደነበረ እንሥራው፤ ከዚያ በኋላ እንለውጥ። ሁለቱን ባንድ ጊዜ የሠራ ሰው ነገሩ ሲበላሽ ያበላሸው ግንባታው ይሁን ለውጡ ማወቅ አይችልም።

ስለዚህ ሦስተኛውን መንገድ ያዝን። ሜቨን «ቱልቼይን» የሚባል አሠራር አለው። ፎርማኑ በአዲሱ ጃቫ ይነሣል፤ እንጨቱን ግን በአሮጌው መጥረቢያ ያስቆርጣል። ይህ የሚደረገው በሁለት ቦታ በመጻፍ ነው። ለኮምፒዩተሩ በሚሆነው «ቱልቼይንስ» በሚባለው ፋይል ላይ የጃቫ 7 ኪት በየትኛው ፎልደር እንዳለ ይጻፋል። በፕሮጀክቱ ፖም ላይ ደግሞ «ይህ ሥራ የሚፈልገው ኪት 1.7 ነው» ተብሎ ይጻፋል። በሁለቱም ቦታ ቁጥሩ አንድ ዓይነት ይሁን፤ አንዱ ጋ 7፣ ሌላው ጋ 1.7 ከተባለ ሜቨን «ተስማሚ ኪት አላገኘሁም» ብሎ ይቆማል። ግሬድል የተባለውን ሌላውን የግንባታ መሣሪያ የምትጠቀሙም እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 6.7 ጀምሮ ተመሳሳይ አሠራር አላችሁ።

የዚህ መንገድ ደስ የሚለው ነገር የሥራ ክፍፍሉ ነው። ወደ ገበያ የሚላከው ጎልማሳው ነው፤ ከጎተራው ጋር የሚነጋገረው አዲሱ ጃቫ ነውና አሮጌው የምስጢር አጠባበቅ ጣጣ የለም። ሽማግሌው ኪት ቤቱ ተቀምጦ የሚያውቀውን ብቻ ይሠራል። አዲሱ ለአሮጌው ይታዘዛል፤ አሮጌውም ለአዲሱ።

ተረጎመ። ደስ አለን። ነገር ግን ወደ ፍተሻው ሲደርስ እንደገና ወደቀ። ፍተሻውን የሚያካሂደው ሹርፋየር የሚባል ተሰኪ ነው። በፖሙ ላይ የተሰኪው ቁጥር ስላልተጻፈ ሜቨን 3.9 የራሱን አዲስ መረጠ፤ 3 የሚጀምረውን። ሹርፋየር 3.0 ደግሞ ፍተሻው የሚካሄድበት ጃቫ ቢያንስ 8 እንዲሆን ይፈልጋል። እንግዲህ ፍተሻው የሚካሄደው በአሮጌው ጃቫ ውስጥ ነውና ፈታኙም አሮጌውን ቤት የሚያውቅ መሆን አለበት። በፖሙ ላይ 2.22.2 ብለን ጻፍንለት፤ አለፈ። ትምህርቱ ምንድን ነው? ቁጥሩ ያልተጻፈ ነገር ሁሉ ሌላ ሰው እንዲመርጥ የተተወ ነገር ነው። ዛሬ የመረጠው ነገ አይደገምም።

በተቋማችን ኢንተርኔት ሲመጣና ሲሄድ ታውቃላችሁ። ስለዚህ አንድ ቀን ጠዋት መስመሩ ደህና በነበረበት ሰዓት የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎችና ተሰኪዎች ሁሉ አወረድን። ሜቨን ያወረደውን በራሱ ፎልደር ያስቀምጣል። ያንን ፎልደር እንዳለ በፍላሽ ገልብጠን «ከመስመር ውጭ ሥራ» በሚለው ትእዛዝ ኢንተርኔት ነቅለን ሞከርነው፤ ሠራ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግንባታው መስመር አይጠብቅም።

ቀጥሎ ማመሳከር ሆነ። ገና አንድም ቁጥር አልለወጥንም። ያለፈውን ዓመት ሠልጣኞች ነጥብ በአሮጌው ፕሮግራምም፣ እንደገና በገነባነውም አስገብተን ሁለቱንም አሳተምን። አንዱ ያነብባል፣ አንዷ ምልክት ታደርጋለች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስም አንድም ልዩነት አልተገኘም። ያን ጊዜ ብቻ 50፣ 30፣ 20ን ወደ 40፣ 40፣ 20 ለወጥን። የመጀመሪያው መፈተኛ ምን እንዲሆን እንደመረጥን መገመት አያዳግትም፤ 22፣ 36 እና 10። ፕሪንተሩ እየጮኸ በሦስት ቅጂ 68 ብሎ አተመው።

«ይህን ሁሉ ከመልፋት አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት አይሻልም ወይ?» ብለው የጠየቁኝ የሥራ ባልደረባ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም አሮጌ ይኑር ለዘላለም ባይ አይደለሁም። ኤክስፒ ራሱ ድጋፉ የተቋረጠው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ነው። ያ ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት የለበትም፤ ፍላሽም ሲገባበት አስቀድሞ መታየት አለበት። አንድ ቀንም ይተካል። ነገር ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ አዲሱ ሳይመጣ አሮጌውን የጣለ ቢሮ በመካከሉ ባለው ጊዜ የሰው ውጤት በእጅ ይደምራል። በእጅ ሲደመር የሆነውን አይተናል።

ደግሞም አዲሱ አዲስ ሆኖ አይኖርም። ጃቫ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በየስድስት ወሩ አዲስ ቁጥር ያወጣል። ለረጅም ጊዜ ድጋፍ ከሚሰጣቸው መካከል 17 በ2021፣ 21 በ2023፣ 25 በ2025 ወጥተዋል። ሜቨን 4 ለመነሣት ጃቫ 17 ይጠይቃል። ዛሬ በላፕቶፓችን የምንኮራበት ጃቫ 21 በተራው ቁም ሣጥን ውስጥ የሚገኝበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን የሚያገኘው ሰው ምናልባት ከእናንተ አንዱ ያስተማራት ልጅ ትሆናለች። ስለዚህ ጉዳዩ ከአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር በላይ ነው፤ ጉዳዩ የሠራነውን ሥራ ለሚመጣው ሰው እንዴት እንደምናስረክብ ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላ ሁለቱ ሠልጣኞች አንድ ገጽ ጻፉ። ፎርማኑ፤ ሜቨን 3.9፣ በጃቫ 21 ላይ ይነሣል። መጥረቢያው፤ የጃቫ 7 ኪት፣ ፎልደሩ ይህ ነው። መሬቱ፤ ጃቫ 7 በኤክስፒ ላይ። የፍተሻው ተሰኪ 2.22.2። ላይብረሪዎቹ በዚህ ፍላሽ አሉ። የነጥቡ ክፍፍል የሚገኘው በዚህ ፋይል፣ በእነዚህ ሦስት መስመሮች ላይ ነው። ቀኑንም ጻፉ። አንዱ ቅጂ ከፕሮግራሙ ጽሑፍ ጋር፣ አንዱ በኮምፒዩተሩ ጠረጴዛ መሳቢያ፣ አንዱ መዝገብ ከሚይዙት እናታችን ዘንድ ተቀመጠ። «ይኼ እንኳ ጡረታ አይወጣም» አሉ ገጹን ሲቀበሉ።

ሠልጣኞች ሆይ፤ የትምህርት ዕቅድ ስታዘጋጁ ዓላማውን፣ ይዘቱን፣ መርጃ መሣሪያውን፣ የሚወስደውን ጊዜ ለምን እንደምትጽፉ ታውቃላችሁ። እናንተ በታመማችሁ ቀን ሌላ መምህር ያንኑ ክፍለ ጊዜ እንዲያስተምር ነው። ያቺ አንድ ገጽ የፕሮግራሙ የትምህርት ዕቅድ ናት። ያንን ፕሮግራም የጻፉት መምህር ጥሩ ሥራ ሠርተዋል፤ ሥራቸው ከእሳቸው በኋላ ይህን ያህል ዘመን ማገልገሉ ምስክር ነው። የጎደለችው አንዲት ገጽ ዘጠኝ ቀን አስከፈለችን።

እንግዲህ በየምድባችሁ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ ከመጣል በፊት ሦስቱን ጥያቄዎች በሰሌዳ ላይ ጻፉ፤ መሣሪያው በምን ይነሣል፣ በምን ይተረጎማል፣ በምን ላይ ይሠራል። የተተረጎመውን ፋይል ቁጥር አንብቡ። ሳትለውጡ ገንቡ፣ አመሳክሩ፣ ከዚያ ለውጡ። የቁጥሮቹንም ዝርዝር ጽፋችሁ ተዉ። የገጹን ናሙና ማየት የሚፈልግ ሠልጣኝ ከሰዓት በኋላ ወደ አይሲቲ ክፍል ብቅ ይበል፤ ቅጂ አለን። በሌላ ክፍል ያላችሁ መምህራንም እንዲህ ያለ አሮጌ ፕሮግራም በእጃችሁ ካለ ሠሪው ገና በአካባቢው ሳለ ጠይቁና አጽፉት።